ሠንጠረዥ ሰባት

ነገ ጡረታ ልወጣ ነው፤ ነይ ተቀመጪ፣ መናየር፤
ይኸው ሠንጠረዡ፣ ይኸው መዝገቡ፣ ከሚንቋቋው ወንበር ጋር።
ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ሕንጻ ውስጥ፣
ኩዌት በነሐሴ ስትነድ ከውጪ፣ እኔ ሹራብ ደርቤ ስንቀጠቀጥ፣
አገር ደመርኩኝ፣ አገር ቀነስኩኝ፤
ከነጥብ ወዲያ ላሉት ሁለት ቤት፣ ስንቱን ሌሊት እንቅልፍ አጣሁኝ።

ዘይቱን ታውቂዋለሽ፤ የላይኛው ረድፍ፣ ሰፊው እሱ ነው፤
ሌላው እንደ ድሃ ዘመድ፣ ከሱ ጥላ ሥር ነው የሚውለው።
ሎንደን ላይ አንዱ ነጋዴ ሲያስነጥስ በማለዳ፣
እዚህ የድልድዩ ሥራ ይቆማል፤ የትምህርት ቤቱ ቀለም ያድራል፤
ለኔም ይተርፋል የእርማት ፍዳ።

ውሃው ላይ ግን ረጋ በይ።
አያቴ መርዙቅ በልጅነቱ፣ ውሃ የሚመጣው በጀልባ ነበር፣ ከባስራ ወንዝ፣ ከወዲያ ላይ፤
በአህያ ተጭኖ፣ በፍየል አቁማዳ፣ ሲሸጥ ሰፈር ለሰፈር፣
ጠብታ የደፋ ልጅ ያን ለት፣ ሳይጠጣ ያድር ነበር።
ዛሬ ባሕሩን ቀቅለን፣ ላቡን ነው የምንጠጣው፤
ማገዶውም ያው ዘይት ነው፣ ከላይኛው ረድፍ የሚመጣው።
እስኪ ፍረጂኝ፤ አንድ ብርጭቆ ገቢ ነው ወይስ ወጪ?
አለቃዬን ሦስቴ ጠየቅኳቸው፤
"ሙትለቅ፣ ሻይህን ጠጣ" አሉኝ፣ በመስኮት እያዩ ወደ ውጪ።

ዓሣው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤
ዙበይዲ ሳይጠበስ ያለፈ ሐምሌ ግን፣ እቤቴ የለውም ሰላም።
የዋፍራ ቲማቲም፣ በፕላስቲክ ጣራ ሥር፣ ጥላና ውሃ ተገዝቶለት፣
ሲቀላ ያፈረ ይመስለኛል፣ ወጪውን ስናሰላለት።
ከዚያ ገና ላልተወለዱት ተብሎ፣ ባሕር ማዶ የተቀመጠው፤
ሕንጻ የገዛ፣ ወደብ የገዛ፣ ቁልፉን ማንም ያላየው።
የማላውቀው የልጅ ልጅ ልጄ፣ ሳይወለድ ከበርቴ ነው፤
የኔ የመኪና ብድር ግን፣ ገና ሁለት ዓመት ቀረው።
"የመንግሥት አገልግሎት" የሚለው፣ አትሳቂ፣ እኔና አንቺ ነን፤
ተጣርቶ ደመወዝ የሆነ ዘይት፣ ሹራብ ያለበሰን።

ሠንጠረዥ ሰባት። ወደ ውጭ የተላከ ገንዘብ።
ሻይ አቅራቢው ሸፊቁል፣ የሲልሄቱ፣
አንድ ቀን ቆመ ከጀርባዬ፣ ትሪውን ይዞ ሲያነብብ።
"ጌታዬ፣ የኔዋ የቷ ናት?" አለኝ፤
ሃምሳ አምስት ዲናር ነው በየወሩ፤
"ከመጨረሻዋ አኃዝ ውስጥ አለህ" ልለው ከጀለኝ።
ግን ሠንጠረዡ በሚሊዮን ነው፤ ከዚያ በታች እናጠጋጋለን።
ሻዩን እየጠጣን፣ መናየር፣
ሸፊቁልን ከዜሮ እናስጠጋለን።

አያቴም ተጠጋግቷል። ሉል ጠላቂ ነበር፤
በጀልባው ጌታ መዝገብ፣ ዕዳው ከስሙ በፊት የሚሰፍር።
ሲሞት ዕዳው ለአባቴ፣ እንደ ርስት ወረደ።
ከዚያ ከጃፓን በእጅ ያደገ ሉል መጣ፤ ገበያው እንደ ጤዛ ሄደ፤
ባለዕዳው ቆሞ ሲያይ፣ ባለጀልባው ጀልባውን ለማገዶ አነደደ።
አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤
እኛ ቤታችን አሸዋ ላይ ነው፤ ነፋሱ ሲነሣስ ማን ይጠየቃል?

ይህን በዘገባው አትጽፊም። አምድ የለውም።
ሰባተኛውን ገጽ የያዘው ግን፣ የወረቀት መያዣ አይደለም፤
የአያቴ የአፍንጫ መቆንጠጫ ነው፣ ከኤሊ ድንጋይ የተሠራ፤
በሱ ነው ትንፋሹን የያዘው፣ ከታች ከጨለማው ጋራ።
እዚያው ይቆይ።
ሸፊቁል በአራት ሰዓት ይመጣል፤
ካልነገርሽው፣ ስኳር ያበዛል ሻዩ ላይ።